«ፕሮሰሰሩ ተቃጥሏል» ቢሏችሁ ቶሎ አትመኑ!

ለመሆኑ የኮምፒውተራችሁን ትኩሳት ለክታችሁ ታውቃላችሁ? «ኧረ ተወን! የራሳችንንስ መቼ ለክተን እናውቃለን?» ትሉኝ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። ግን ልብ በሉ፤ ዛሬ በከተማችን የስንቱ ወጣት እንጀራ በዚያች ሳጥን ላይ ነው! የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብረው፣ የቤት ፕላን የምትነድፈው፣ ሙዚቃ የሚሠራው፣ ፕሮግራም የምትጽፈው... ሁሉም ጉልበት ያለው ማሽን ይፈልጋሉ። ጉልበት ያለው ፕሮሰሰር ደግሞ ይግላል። ለዚህም ነው በፋን ብቻ ሳይሆን በውሃ የሚቀዘቅዝ ኮምፒውተር የሚገዙት።

ታዲያ ያ ማሽን ድንገት መጋል ሲጀምር ባለቤቱም አብሮ ይግላል። የደነገጠ ሰው ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፤ የተባለውን ሁሉ ያምናል፣ የተጠየቀውን ሁሉ ይከፍላል።

እኔ ኮምፒውተር በመጠገን የምተዳደር ሰው ነኝ። በቅርቡ ሦስት ወጣቶች «ኮምፒውተሬ ጋለብኝ» እያሉ መጡ። ሦስቱም በውሃ የሚቀዘቅዝ ማሽን ነው ያላቸው። ሦስቱም ያዩት ቁጥር ከ90 ዲግሪ በላይ ነው። ሕመማቸው ግን ለየቅል ነበር፤ እንዲያውም አንዱ ጭራሽ ሕመም የለበትም! ሐኪም ቤት ብትሄዱ ወባም ያተኩሳል፣ ታይፎይድም ያተኩሳል፣ ጉንፋንም ያተኩሳል። ለሁሉም አንድ መርፌ የሚወጋ ሐኪም ቢያጋጥማችሁ ምን ትሉታላችሁ? የኮምፒውተርም ነገር እንደዚያው ነው።

ሙቀቱ የት ላይ ቆመ?

ከሽሮሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ግሎ፣ ኮፈኑን ከፍቶ ጥግ የቆመ መኪና አይታችኋል አይደል? የእናንተ ኮምፒውተር አሠራርም ከዚያ መኪና ብዙ አይለይም። ፕሮሰሰሩ ሞተሩ ነው። በላዩ ላይ ስስ ማጣበቂያ መሳይ ፔስት ይቀባል። ከፔስቱ በላይ የመዳብ ሳህን ይቀመጣል። በሳህኑ ውስጥ ውሃ ያልፋል፤ ውሃውን የሚያዞረው ደግሞ ትንሽ ፓምፕ ነው። የሞቀው ውሃ በቱቦ ወደ ራዲያተር ይሄዳል፤ ፋኖቹ አየር እየነፉ ያቀዘቅዙትና ተመልሶ ይመጣል። ሙቀቱ በመጨረሻ የሚወጣው ወደ ክፍላችሁ ነው።

ከዚህ መንገድ አንዱ ቦታ ከተዘጋ ሙቀቱ እዚያ ይቆማል። የጥገናው ሙያ ሁሉ የተዘጋውን ቦታ ማግኘት ነው። ለዚህ የሚያስፈልጋችሁ ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ሙቀት የሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም (ኤችደብሊው ኢንፎ የተባለው ጥሩ ነው)፣ ሰዓት፣ እና የገዛ እጃችሁ። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ምንም ሳታሠሩት አሥር ደቂቃ ተዉትና ቁጥሩን ጻፉ። ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ከሆነ ደህና ነው። ቀጥሎ ከባድ ሥራ ስጡት። ሲንቤንች የተባለው የመፈተኛ ፕሮግራም ይበቃል። ከዚያ ስንት ዲግሪ እንደደረሰ ብቻ አትዩ፤ በስንት ጊዜ ውስጥ እንደደረሰም ተመልከቱ። ምስጢሩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ቀብድ የበላው ወጣት

የመጀመሪያው ወጣት የሰርግ ቪዲዮ አቀናባሪ ነው። ማሽኑን የገዛው ዕቁብ ወጥቶለት ነው። የሙሽሮቹን ቀብድ ተቀብሏል፣ ብሩም አልቋል፤ ቪዲዮው ግን አላለቀም። የሙሽራዋ እናት በየቀኑ ይደውላሉ።

«ጋሼ፣ አለቀልኝ!» አለኝ ገና ከበሩ።

«ምን ሆንክ?»

«ፕሮሰሰሩ ተቃጥሏል አሉኝ። እሱም፣ ማቀዝቀዣውም ይቀየር ብለዋል። ካሜራዬን ልሸጥ ነው።»

«ኮምፒውተሩ ይነሳል?»

«ይነሳል። ቪዲዮውን ወደ መጨረሻ ፋይል ስቀይር ነው 100 ገብቶ የሚንቀራፈፈው። አንዳንዴም ይጠፋል።»

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የተቃጠለ ፕሮሰሰር አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተሩን ጭራሽ አያስነሳም። ይህኛው ግን ሲግል ራሱን ያዘገያል፣ ሲብስበት ያጠፋል። ራሱን እየተከላከለ ነው ማለት ነው። ሞቶ ቢሆን ማን ይከላከል ነበር?

አስነሳነው። ሥራ ሳይሰጠው 60 ዲግሪ አልፎ ቀስ በቀስ ይጨምራል። ሥራ ስንሰጠው አንድ ደቂቃ ሳይሞላ 100! እጄን ወደ ራዲያተሩ ሰደድኩ፤ ቀዝቃዛ ነው። ሁለቱን ቱቦዎች ነካሁ፤ አንዱ ይሞቃል፣ ሌላው በረዶ ነው። እንግዲህ ፍርዱን ስጡ፤ ፕሮሰሰሩ እየነደደ ራዲያተሩ ከቀዘቀዘ ሙቀቱ መንገድ ላይ ቀርቷል። ውሃው እየዞረ አይደለም ማለት ነው።

የፓምፑን ፍጥነት በፕሮግራሙ አየን። በደቂቃ ከ2,000 በላይ መዞር የሚገባው ፓምፕ እያዘገመ ነው። ሽፋኑን ስንከፍት ጉዱ ወጣ፤ ከሳምንታት በፊት አቧራ ያራገፈለት ባለሙያ የፓምፑን ገመድ ነቅሎ ሲመልስ ለኬዝ ፋን የተመደበው ሶኬት ላይ ሰክቶታል። ያ ሶኬት ደግሞ ድምፅ እንዳይበዛ ዝግ እንዲል የተስተካከለ ነው፤ የሚከተለውም የማዘርቦርዱን ሙቀት እንጂ የፕሮሰሰሩን አይደለም። ማዘርቦርዱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፓምፑ «ምን አስቸኮለኝ?» ብሎ ተኝቷል!

ገመዱን ለፓምፕ በተሠራው ሶኬት ላይ ሰካን፤ በባዮስ ገብተን ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነት እንዲዞር አዘዝነው። ያው ሥራ፣ ያው ቪዲዮ፣ 74 ዲግሪ። የተቀየረ ዕቃ የለም። ካሜራውም አልተሸጠም።

በነገራችን ላይ፣ ገመዱ በትክክል ተሰክቶ ፍጥነቱ ዜሮ ከሆነ፣ ወይም ፓምፑን ስትነኩት ትንሽ እንኳ የማይንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ያኔ ፓምፑ ሞቷል። ማቀዝቀዣው ይቀየራል፤ ፕሮሰሰሩ ግን አይነካም።

ውሃው ደህና፣ ሳህኑ ግን...

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሌላ ሕመም አለ። ኮምፒውተሩ ሲያርፍ ደህና ነው፤ ሥራ ስትሰጡት በሁለት በሦስት ሰከንድ 95 ይገባል፤ ሥራውን ስታቆሙት ወዲያው ይወርዳል። ፓምፑ ይሠራል፣ ራዲያተሩ ለብ ያለ ነው። ይህ የፓምፕ ሳይሆን የመገናኛው ችግር ነው። ወይ ፔስቱ ደርቋል፣ ወይ ሳህኑ በደንብ አልተጫነም፣ ወይም (አትሳቁ!) አዲስ ዕቃ ላይ የሚለጠፈው ስስ ላስቲክ ሳይነሳ ተገጥሟል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሳህኑን አንሱ፣ የድሮውን ፔስት ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል ጥረጉ። አረቄ አላልኩም! አዲስ ፔስት የአተር ፍሬ ያህል አድርጉ። ብሎኖቹን ስታጠብቁ አንዱን እስከ መጨረሻ አትጨርሱ፤ የመኪና ጎማ እንደሚታሰረው በመስቀለኛ፣ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ ዙሩ።

የጠረጴዛው ሆድ ውስጥ የታፈነችው

ሁለተኛዋ የሥነ ሕንፃ ተማሪ ናት። የእሷ ነገር ሌላ ነው። ሥራ ስትጀምር 65፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ 78፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ 92። ፈተናዋ ሊደርስ ነው፤ ሌሊቱን ስዕሉ ሲሠራ እንዲያድር ትታው መተኛት ፈራች።

ራዲያተሩን ስነካው እንደ ምጣድ ይሞቃል። ደስ አለኝ። ለምን? ሙቀቱ ራዲያተሩ ድረስ በሰላም ደርሷላ! ፓምፑም ፔስቱም ሥራቸውን ሠርተዋል። የቀረው መውጫው ነው። ውሃ ሙቀት የመያዝ አቅሙ ትልቅ ስለሆነ ለመሞቅ ጊዜ ይወስዳል፤ ቁጥሩ ቀስ እያለ የሚወጣው ለዚህ ነው።

ምክንያቱ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ በፋኖቹና በራዲያተሩ መካከል አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፏል። ከውጭ አይታይም፤ ፋኑ ሲፈታ ነው ጉዱ የሚወጣው። ሁለተኛ፣ ኮምፒውተሩን «እንዳይቆሽሽ» ብላ በር ባለው ጠረጴዛ ሆድ ውስጥ ከታዋለች። ያወጣውን ሙቅ አየር መልሶ እየተነፈሰ ነው። የሚገባው አየር በአሥር ዲግሪ ከሞቀ ፕሮሰሰሩም በዚያው ልክ ይሞቃል፤ ውሃ ነው ብላችሁ ከክፍሉ አየር በታች እንዲያቀዘቅዝ አትጠብቁ።

የአዲስ አበባ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ይወቅ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየራችን በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ፋን ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚያሳልፈው አየር ክብደቱ ያነሰ ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል። ብርዳችን ይክሰናል እንጂ፣ ለፋን ጉዳይ ከተማችን ለጋስ አይደለችም። ስለዚህ አቧራና መታፈን ሲጨመርበት ይብሳል።

ማሽኑን አጥፍተን፣ ከሶኬት ነቅለን፣ ፋኖቹን በጣታችን ይዘን (አየር ሲነፋባቸው እንዳይዞሩ) በብሩሽና በንፋስ አጸዳነው። ከጠረጴዛው ሆድም ወጣ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ 76 ላይ ቆመ።

ያልታመመው በሽተኛ

ሦስተኛው ጌም ወዳድ ነው። ጓደኞቹ «95 ዲግሪ? ይፈነዳብሃል!» ብለው እንቅልፍ ነስተውታል። ትልቅ ራዲያተር ሊገዛ ብር ተበድሯል። ጠየቅሁት፦

«ጌም ስትጫወት ስንት ነው?»

«70 ገደማ።»

«95 የሆነው መቼ ነው?»

«ሲንቤንች ሳስኬድ።»

ፕሮሰሰሩ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኤኤምዲ ራይዘን 7000 ዘር ነው። ኤኤምዲ ይህን ዘር በከባድ ሥራ ጊዜ እስከ 95 ዲግሪ እንዲሮጥ አስቦ ነው የሠራው። ማቀዝቀዣ ብትጨምሩለት ትርፉን ፍጥነት ያደርገዋል እንጂ ቁጥሩን ብዙ አይቀንሰውም። ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ደግሞ ራሳቸውን ማዘግየት የሚጀምሩት 100 ላይ ነው። ለመገረም ያህል፣ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው። የልጁ ፕሮሰሰር ከሚፈላ ጀበና በላይ ግሎ ሥራውን በሰላም ይሠራል! በቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፤ 60 ዲግሪ እንኳ ካለፈ ለፓምፑ አደጋ ነው።

«ቁጥሩን ካላወረድኩ አልተኛም» ካላችሁ በባዮስ ኢኮ ሞድ የሚባለውን አብሩት። የሚስበው ኃይል ይቀንሳል፣ ሙቀቱም ይወርዳል፣ ፍጥነቱ ግን የሚጎዳው ጥቂት ነው። የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ ኢንቴል ያላችሁ ደግሞ ባዮሳችሁን አድሱ፤ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2024 ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ እነዚህን ፕሮሰሰሮች እንደሚጎዳ አምኖ ማስተካከያ አውጥቷል፣ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዝሟል።

ልጁ የተበደረውን ብር በማግስቱ መለሰ። ይኸውላችሁ፣ አንዳንዴ ጥሩ ጥገና «ሂድና ተኛ» ማለት ነው።

ቆርጣችሁ አስቀምጡ

1. ሥራ ሳይሰጠውም ይጨምራል፣ ራዲያተሩ ቀዝቃዛ ነው፦ ፓምፑን፣ ገመዱንና ፍጥነቱን እዩ።

2. በሰከንድ ይዘላል፣ በሰከንድ ይወርዳል፦ ፔስቱንና የሳህኑን አገጣጠም እዩ።

3. በደቂቃዎች ቀስ እያለ ይወጣል፣ ራዲያተሩ ሙቅ ነው፦ አቧራውን፣ ፋኖቹንና የተቀመጠበትን ቦታ እዩ።

4. በፈተና ፕሮግራም ብቻ ይግላል፣ ፍጥነቱም አይወርድም፣ አይጠፋም፦ የፕሮሰሰሩን ወሰን አረጋግጡና ተረጋጉ።

5. የሚንቆረቆር ድምፅ አለ፦ አየር ገብቷል። ፓምፑ ከሁሉም ከፍ ብሎ የተቀመጠበት አገጣጠም ከሆነ አየሩ እዚያ ይጠራቀማል። ራዲያተሩን ከላይ ስቀሉት፤ ከፊት ከሆነም ጫፉ ከፓምፑ በላይ ይሁን።

6. ማሽኑ ዓመታትን አስቆጥሮ ሁሉም ደህና ሆኖ ግን ይግላል፦ ውሃው በቱቦው ግድግዳ ጥቂት በጥቂት ይተናል፣ ዝቃጭም ሳህኑን ሊደፍነው ይችላል። ታሽጎ የመጣውን ማቀዝቀዣ ከፍታችሁ የቧንቧ ውሃ አትጨምሩ! ዋስትና እንዳለው ጠይቁ፣ ከሌለው ቀይሩት።

7. እርጥበት ካያችሁ ምንም ሳትጠይቁ አጥፉ፣ ከሶኬት ንቀሉ።

እና «ፕሮሰሰሩ ተቃጥሏል» የሚል ባለሙያ ሲያጋጥማችሁ፣ ሳትጣሉ፣ በትሕትና ሦስት ጥያቄ አቅርቡለት፦ «ወንድሜ፣ ፓምፑ በደቂቃ ስንት ይዞራል? ራዲያተሩ ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል? ቁጥሩ የወጣው በሰከንድ ነው ወይስ በደቂቃ?» ለሦስቱ መልስ ያለው ሰው የሚለውን ስሙ። መልስ ከሌለው ግን ኮምፒውተራችሁን ታቅፋችሁ ውጡ፤ እሱ የሚለካው የማሽኑን ትኩሳት ሳይሆን የኪሳችሁን ውፍረት ነው።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።