የመመረቂያ ጥናት ርዕስ አመራረጥ

የመመረቂያ ጥናት ርዕስ አመራረጥ ማለት አንድ ተማሪ ለመጀመሪያ፣ ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ዲግሪ የሚያቀርበው ጥናት የሚመልሰውን ጥያቄ፣ የሚካሄድበትን ቦታና የሚጠቀምበትን ዘዴ የሚወስንበት ሂደት ነው። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ ርዕሱን ለትምህርት ክፍሉ ያቀርባል፣ አማካሪ ይመደብለታል፣ ፕሮፖዛሉን ያስጸድቃል፣ ከዚያም መረጃ ሰብስቦ የጻፈውን ለፈታኞች ያስረዳል።

ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች ከምረቃ በኋላ ከመደርደሪያ አይወርዱም። አንዳንዶቹ ግን ደን ለማስጠበቅ ረድተዋል፣ ለጸሐፊያቸውም የዕድሜ ልክ ሙያ ሆነዋል። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሁለት ጥያቄዎች ነው፦ መልሱን የሚጠብቅ ሰው አለ ወይ? ተማሪውስ ባለው ጊዜና ገንዘብ መልሱን ሊያገኝ ይችላል ወይ? ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን በተለይ በደቡብ ጎንደር ዞን፣ በመካነ ኢየሱስ ከተማና በእስቴ፣ በስማዳና በጋይንት ወረዳዎች ምሳሌ ያስረዳል።

## ታሪካዊ ዳራ

ተማሪን ከኅብረተሰቡ ችግር ጋር የማገናኘት ሐሳብ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት ውስጥ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች እየላከ ያሠለጥን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደግሞ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ አድርጓል።

በዚሁ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል ተመራቂዎች ስለ አካባቢያቸው ታሪክ፣ ከሽማግሌዎች ጭምር በቃል ያሰባሰቡትን ጽፈው ያቀርቡ ነበር። እነዚህ የመመረቂያ ጽሑፎች በኋላ በታወቁ የታሪክ ተመራማሪዎች መጻሕፍት በምንጭነት ተጠቅሰዋል። የነገሩት ሽማግሌዎች ካለፉ በኋላ ምስክርነታቸው የተገኘው በተማሪዎቹ ጽሑፍ ነው።

## የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች

በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ አብዛኛው የተፈጥሮ ደን ለእርሻና ለግጦሽ ተመንጥሯል። የቀረው በብዛት የሚገኘው በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እሸቴ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናታቸውን በዚህ ላይ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2002 በስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት ጽሑፍ የደቡብ ጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ምሳሌ አድርጎ፣ ቤተ ክርስቲያን ደን በመጠበቅ ረገድ ያላትን ዕድልና ችግር የሚመረምር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድ ቫኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባጠናቀቁት የሦስተኛ ዲግሪ ሥራ ወደዚያው ቦታ ተመልሰው ጥያቄውን አጠበቡት። በዞኑ በሚገኙ 28 አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ስፋታቸው ከ1.6 እስከ 100 ሄክታር የሚደርስ ደኖችን አጥንተው 168 የእንጨት ተክል ዝርያዎች መዘገቡ። ከዚያም «ደኑ ራሱን መተካት ለምን አቃተው?» ወደሚለው ተሻገሩ። እንደ ጽድ፣ ወይራና ጥቁር እንጨት ያሉ አገር በቀል ዛፎችን ዘርና ችግኝ ተከታትለው ሁለት ነገር አዩ። አንደኛው፣ የአብዛኞቹ ዋና ዋና ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተከማችቶ አይቆይም፤ ስለዚህ እናት ዛፎቹ ከጠፉ ደኑ በራሱ ሊመለስ አይችልም። ሁለተኛው፣ ከብት የሚገባበት ቦታ ችግኝ እየተረገጠና እየተበላ አያድግም፤ ከብት በተከለከለበት ግን የተሻለ ይበቅላል።

ይህ መልስ ቄሱም ገበሬውም ሊሠሩበት የሚችሉት ነበር። በኋላ ዶክተር ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማንና ከየአጥቢያው ካህናትና ምዕመናን ጋር በመሆን በተወሰኑ ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ አስተባበሩ። ድንጋዩ ከአካባቢው ማሳ ስለሚለቀም ለእርሻውም ጠቀመ።

ለርዕስ መራጭ ከዚህ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ። ተመራማሪው አካባቢውንና ቋንቋውን የሚያውቁበትን ቦታ መረጡ። አንዱን ጥናት በሌላው ላይ ገነቡ እንጂ በየዲግሪው አዲስ ርዕስ አልጀመሩም። ከሁሉም በላይ ደግሞ የጥናቱ መልስ የደኑ ባለቤቶች በእጃቸው ባለ ነገር ሊፈጽሙት የሚችሉት ሆነ።

## ሌሎች የኢትዮጵያ ምሳሌዎች

የሚከተሉት ሁለቱ ሥራዎች የመመረቂያ ጽሑፎች ባይሆኑም ጥሩ የጥናት ጥያቄ ከየት እንደሚመነጭ ያሳያሉ።

* ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ስለ ብልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በርካታ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። ቀንድ አውጣው የበሽታው አስተላላፊ ስለሆነ፣ ሁሉም የሚያውቀው የልብስ ማጠቢያ ተክል የሳይንስ ጥያቄ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ።
* ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ከአለማያ የእርሻ ኮሌጅ ተመርቀው በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የማሽላ ዝርያ ማሻሻልን አጠኑ። የምርምራቸው ትልቁ ክፍል የማሽላን ሥር እየጠባ የሚኖረውን አቀንጭራ የሚቋቋም ዝርያ ማግኘት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት አግኝተዋል።

## ችግርን ወደ ጥናት ጥያቄ መለወጥ

«የአፈር አሲዳማነት በእስቴ» የችግር ስም ነው፤ የጥናት ጥያቄ ግን ገና አይደለም። ወደ ጥያቄ ለመለወጥ ማን፣ የት፣ መቼ እና ምን እንደሚለካ መወሰን ያስፈልጋል። ለምሳሌ፦ «በሁለት የተመረጡ ቀበሌዎች በማሳቸው ላይ ኖራ ከጨመሩት ገበሬዎች ስንቶቹ በቀጣዩ ዓመት ቀጠሉ? ያቆሙት ለምን አቆሙ?» ይህ ጥያቄ በአንድ ክረምት ዕረፍት ሊሠራ ይችላል፣ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፣ መልሱም ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ወዲያው ይጠቅማል።

በአካባቢው በየትምህርት ዘርፉ ሊነሡ ከሚችሉ ጥያቄዎች መካከል፦

* ግብርና፦ ማሽላ በሚዘራባቸው ቆላማ ቀበሌዎች የአቀንጭራ ጉዳት፤ በደጋው የድንች ዘር ጥራትና አቀማመጥ።
* ጤና፦ ለሰሊጥ አጨዳና አረም ወደ መተማና ሁመራ የሚሄዱ የቀን ሠራተኞች ሲመለሱ የሚያጋጥማቸው ሕመም። እ.ኤ.አ. በ2005 በዚያው ዞን በሊቦ ከምከም ወረዳ የካላዛር ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሰው ሞቷል፤ ከበሽታው መግቢያ ምክንያቶች አንዱ የወቅት ሠራተኞች ምልልስ እንደሆነ ታምኖበታል። በሽታው በአካባቢው ስላልተለመደ መጀመሪያ በወባ ተሳስቶ ነበር።
* ምሕንድስና፦ በአንድ ወረዳ ከተቆፈሩት የመጠጥ ውኃ ጉድጓዶች ስንቶቹ ይሠራሉ? የቆሙት በመለዋወጫ እጦት ነው፣ በጥበቃ ጉድለት ወይስ በውኃው መራቅ?
* ትምህርት፦ ሴት ልጆች ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ትምህርታቸውን ለመቀጠል በመንገድ ርቀትና በቤት ኪራይ ምክንያት የሚገጥማቸው እንቅፋት።
* ሕግ፦ የመሬት ይዞታ ደብተር ያላቸው ሴቶች በፍቺ ወይም በውርስ ጊዜ ድርሻቸውን የሚያገኙበት ሂደት።
* ቋንቋ፣ ታሪክና ዜማ፦ ጋይንት በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የታወቀ አገር ነው፤ ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬና መዋሥዕት ምስክር ቤቶች ናቸው። የመምህራኑን የትውልድ ሐረግ፣ የማስተማሪያ ዘዴና የተማሪውን ኑሮ መመዝገብ በቂ የመመረቂያ ሥራ ነው።

## የርዕስ መመዘኛዎች

አንድ ርዕስ ከመጽደቁ በፊት ተማሪው የሚከተሉትን ቢመልስ ይመከራል።

1. መልሱን ማን ይጠቀምበታል? «ፖሊሲ አውጪዎች» የሚለው መልስ በቂ አይደለም። የአንድ ጽሕፈት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ማኅበር ወይም ትምህርት ቤት ስም መጥራት መቻል አለበት።
2. ከዚህ በፊት ተጠንቷል ወይ? የአዲስ አበባ፣ የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲዎችን የመመረቂያ ጽሑፎች ማየት ድግግሞሽን ያስቀራል።
3. መረጃው ይገኛል ወይ? የማይከፈት መዝገብ ላይ የተመሠረተ ጥናት ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።
4. በተፈቀደው ጊዜ ያልቃል ወይ? የሰብል ሙከራ የዘር ወቅቱ ካለፈ አንድ ዓመት ሙሉ ያስጠብቃል።
5. አማካሪው ጉዳዩን ያውቀዋል ወይ? የአማካሪው ሙያ ከርዕሱ ከራቀ ተማሪው ብቻውን ይቀራል።
6. መልሱ ከተጠበቀው ተቃራኒ ቢሆንስ ይጠቅማል ወይ? «ኖራው ምርት አልጨመረም» የሚል ውጤትም ለገበሬው ወጪ የሚያድን ከሆነ ጥያቄው ጥሩ ነው።

## ለሙያ የሚሰጠው ጥቅም

ብዙ ተማሪዎች ኅብረተሰቡን የሚጠቅም ርዕስና ሥራ የሚያስገኝ ርዕስ የተለያዩ ይመስሏቸዋል። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይገናኛሉ። ቀጣሪ ከርዕሱ ይልቅ የሚመለከተው ተመራቂው ምን መሥራት እንደሚችል ነው። መጠይቅ አዘጋጅቶ ቤት ለቤት መረጃ የሰበሰበ፣ በስታታ ወይም በኤስፒኤስኤስ የተነተነ፣ በጂአይኤስ ካርታ የሠራ ወይም የአፈር ናሙና በቤተ ሙከራ የመረመረ ተማሪ ለዚህ ማስረጃ አለው። ስለዚህ ርዕሱ ሲመረጥ «በዚህ ጥናት የትኛውን ሙያ እማራለሁ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ትውውቅ ነው። ከወረዳ ባለሙያዎች፣ ከምርምር ማዕከል ወይም ከረድኤት ድርጅት ጋር በጥናት ወቅት የሠራ ተማሪ ሲመረቅ የሚያውቁት ሰዎች አሉት። ትምህርቱን ለመቀጠል ለሚያስብም የመጀመሪያው ጥናት ያልመለሰው ጥያቄ ለቀጣዩ ዲግሪ ፕሮፖዛል መነሻ ይሆናል።

## ተግባራዊ ገደቦች

የመካነ ኢየሱስ አካባቢ ተማሪዎች በመንግሥት ምደባ ከቤታቸው ርቀው ሊማሩ ይችላሉ። ጥናቱን በትውልድ ቦታ ማካሄድ የማደሪያና የአስተርጓሚ ወጪ ይቀንሳል፣ የሰዎችን እምነት ለማግኘትም ይረዳል። ጉዳትም አለው፤ ዘመድና ጎረቤት ተጠያቂ ሲሆን ደስ የሚያሰኘውን መልስ ሊሰጥ፣ ተማሪውም የሚያውቀውን ሳይጠይቅ ሊያልፍ ይችላል። ተጠያቂዎችን ከቀበሌ መዝገብ በዕጣ መምረጥ ይህን ያቃልላል።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ያለው ግጭት የመስክ ሥራን በብዙ ቦታ አስቸጋሪ አድርጎታል። መረጃ ሰብሳቢውንም መረጃ ሰጪውንም ለአደጋ የሚያጋልጥ ርዕስ መመረጥ የለበትም። እንዲህ ባለ ጊዜ ቀድሞ በተሰበሰበ መረጃ ላይ መሥራት ይቻላል፤ ለምሳሌ በሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናቶች፣ በሚትዮሮሎጂ መዝገቦችና በሳተላይት ምስሎች።

በሰው ላይ የሚደረግ ጥናት የዩኒቨርሲቲውን የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ፈቃድ፣ የወረዳውን የትብብር ደብዳቤና የተጠያቂውን ፈቃድ ይጠይቃል። በድርቅ በሚጎዱ ወረዳዎች መጠይቅ የያዘ ሰው እርዳታ መዝጋቢ ሊመስል ስለሚችል፣ ጥናቱ እርዳታ እንደማያስገኝ መጀመሪያውኑ በግልጽ መነገር አለበት።

## የተለመዱ ስሕተቶች

* ርዕስን ማስፋት፦ «የአየር ንብረት ለውጥ በኢትዮጵያ» ለአንድ ተማሪ አይቻልም።
* ወቅታዊ ወሬን መከተል፦ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ በጣና ሐይቅ የተስፋፋው እምቦጭ የብዙ ጥናቶች ርዕስ ሆኗል። አዲስ ተማሪ ከእነዚያ የቀረው ያልተመለሰ ጥያቄ የቱ እንደሆነ ካላወቀ የተባለውን ይደግማል።
* የሌላ ቦታ ጥናትን የወረዳውን ስም ብቻ ለውጦ መገልበጥ።
* ጽሑፉን በገንዘብ ማሠራት፦ ከቅጣቱ ሌላ፣ ተማሪው ሥራ ሊቀጠር ሲጠየቅ ስለ ራሱ ጥናት መመለስ ያቅተዋል።

## ውጤትን መመለስ

ጥናቱ ሲያልቅ ቅጂውን ለዩኒቨርሲቲው ማስገባት ግዴታ ነው። መረጃ ለሰጡት ሰዎች መመለስ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። ገበሬው ከሥራው ተስተጓጉሎ ለአንድ ሰዓት መጠይቅ ከመለሰ በኋላ ውጤቱን ሳይሰማ ሲቀር፣ ለቀጣዩ ተማሪ በሩን ለመክፈት ይሰለቻል። በአማርኛ የተጻፈ ሁለት ገጽ ማጠቃለያ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት መስጠትና ዋናውን ግኝት በቀበሌ ስብሰባ ላይ መናገር ብዙ ወጪ የለውም። የመመለሻው ቀንና ቦታ በፕሮፖዛሉ የጊዜ ሰሌዳ ውስጥ ከተጻፈ ደግሞ የመፈጸም ዕድሉ ይጨምራል።