የጥይት መከላከያ ሄልሜት ልክ ካልሆነ

በጦርነት ቀጣና የሚዘግብ ጋዜጠኛም ሆነ ቁስለኛ የሚያነሳ የሕክምና ባለሙያ ሄልሜቱ ልኩ ካልሆነ አደጋ ላይ ነው። ምክንያቱም ከኬቭላር የተሠራ ሄልሜት ጥይት ቢያቆምም የተመታው ቦታ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ጭንቅላትን ከዚህ የሚያርቁት የውስጥ ስፖንጆቹ ናቸው። ስለዚህ ጠበበኝ ብሎ ስፖንጅ ማውጣት አይገባም፤ ትልቁን ቁጥር መፈለግ ነው።

ልክ ለማወቅ የልብስ ሰፊ ሜትር ከቅንድብ በላይ በጭንቅላት ዙሪያ ይጠመጠማል። ሂጃብ የምታደርግ እህት ሂጃቧን እንዳደረገች ትለካ። ሄልሜቱ ግንባርን ይሸፍን፣ ዓይንን ግን አይጋርድ፤ ወደ ኋላም አይዘንበል። የአገጭ ማሰሪያውን አጥብቀው ራስዎን ያወዛውዙ፤ ሄልሜቱ ከተንሸራተተ ልክዎ አይደለም።

ልኩ ቢሆንም አብዛኛው ሄልሜት የተሠራው ለፍንጣሪና ለሽጉጥ ጥይት ነው፤ የክላሽ ጥይት ሊበሳው ይችላል።