‹ዶክተር ሁ› አዲስ አበባ ተገኘ የተባለው ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2013፣ በእኛ በ2006 መስከረም ማለቂያ ላይ፣ አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ትልቅ ወሬ ይዞ ወጣ። ከመቶ በላይ የጠፉ የ‹ዶክተር ሁ› ድራማ ክፍሎች ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኙ የሚል ነበር። የድራማው ወዳጆች ስለ አዲስ አበባው የቴሌቪዥን ጣቢያ መጋዘን ሲጠያየቁ ሰነበቱ። እኛ ጋ ግን ወሬው እምብዛም አልተሰማም። እስቲ ጉዳዩን ከሥሩ እንየው።

መጀመሪያ ነገር፣ ይህ ድራማ ምንድን ነው? ‹ዶክተር ሁ› የእንግሊዙ ቢቢሲ የሚሠራው የሳይንስ ልብ ወለድ ነው፤ ገና ያልተፈጠረ ቴክኖሎጂንና ሌሎች ዓለማትን እያሰበ የሚተርክ ማለት ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ‹ዶክተሩ› ይባላል። ከሌላ ዓለም የመጣ፣ በዘመናት መካከል ወደ ኋላም ወደ ፊትም የሚመላለስ ፍጡር ነው። መጓጓዣው ከውጭ ሲያዩት ሰማያዊ የፖሊስ ስልክ ሳጥን ነው። በሩን ከፍተው ሲገቡ ግን ውስጡ አዳራሽ ያህላል።

የመጀመሪያው ክፍል የታየው ኅዳር 13 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በተገደሉ ማግስት መሆኑ ነው። በዚያ ድንጋጤ መሐል ብዙ ሰው ሳያየው ስላለፈ ቢቢሲ በሳምንቱ ደገመው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ለኬኔዲ ቀብር ዋሽንግተን የነበሩትም በዚያው ሰሞን ነው።

ስድሳ ዓመት እንዴት ዘለቀ? ብልሃቱ ቀላል ነው። የመጀመሪያው ተዋናይ ዊልያም ሃርትኔል እ.ኤ.አ. በ1966 ጤና ሲያጣ፣ አዘጋጆቹ አንድ ዘዴ ፈጠሩ። ዶክተሩ ሊሞት ሲል ሰውነቱ ይለወጥና ሌላ መልክ ይዞ ይነሣል አሉ። ተዋናዩ ፓትሪክ ትራውተንም ተካው። ከዚያ ወዲህ ተዋናይ ሲሄድ ተዋናይ ይመጣል፤ ዶክተሩ ግን አለ። ድራማው እ.ኤ.አ. በ1989 ተቋርጦ በ2005 ተመለሰ። ኪጋሊ የተወለደው ንኩቲ ጋትዋም ዶክተሩን ሆኖ ተጫውቷል። ቀጣዩ ማን ይሆን የሚለው ክርክር ታዲያ መቼም አያልቅም።

ክርክሩ ስለ ተዋናይ ብቻ አይደለም። ደራሲዎቹ ሆን ብለው ፍንጭ ይበትናሉ። እ.ኤ.አ. በ2005ቱ ምዕራፍ ‹ክፉ ተኩላ› የሚል ሐረግ በየክፍሉ ብቅ ይል ነበር፤ አንዴ በሰው ንግግር፣ አንዴ በግድግዳ ጽሑፍ። ተመልካቹ እየለቀመ ሲገምት ከርሞ ፍቺው የተነገረው መጨረሻው ላይ ነው። ሪቨር ሶንግ የምትባል ሴት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ገብታ፣ የማን ልጅ እንደሆነች የታወቀው በ2011 ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ተገምቷል።

እንዲህ እየገመቱ መጠበቅ ለጎጃም ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የዚሁ አገር ልጅ የሐዲስ ዓለማየሁ ‹ፍቅር እስከ መቃብር› በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ፣ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ምን ይደርስባቸው ይሆን እያለ ቀጣዩን ክፍል የጠበቀ ስንቱ ነው!

አሁን ወደ ጠፉት ክፍሎች እንምጣ። ለመሆኑ የቴሌቪዥን ድራማ እንዴት ይጠፋል? ቢቢሲ ራሱ ነው ያጠፋው። ያኔ ድራማው የሚቀረጸው በቪዲዮ ቴፕ ነበር። ቴፑ ውድ ነው፤ ግን ተደምስሶ እንደገና ይቀረጽበታል። የቆየ ድራማ ደግሞ ተመልሶ ይታያል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ስለዚህ ደመሰሱት። በውጭ አገር ገበያ ያበቃላቸውን የፊልም ቅጂዎችም አስወገዱ። ይህ አሠራር የቆመው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ምዕራፎች ከተሠሩት 253 ክፍሎች መካከል እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ ላይ 106ቱ አልነበሩም።

ድምፃቸው ግን አለ፤ የሁሉም። በየቤቱ የነበሩ ወጣቶች ቴፕ መቅረጫቸውን ቴሌቪዥኑ ሥር አስቀምጠው ቀድተውታል። በቅኔ ማኅሌት የተዘረፈ ቅኔ ሰሚ በቃሉ ካልያዘው እዚያው ይቀራል፤ የድራማውንም ድምፅ ያተረፈው ሰሚው ነው። ድርጅቱ የጣለውን ተመልካቹ አነሣው።

ኢትዮጵያ የምትገባው እዚህ ላይ ነው። ቢቢሲ ድራማውን ለውጭ አገር ሲሸጥ ቴፑን አይልክም። ምስሉን ወደ 16 ሚሊ ሜትር ፊልም ይገለብጠዋል። የ25 ደቂቃ አንድ ክፍል 285 ሜትር ገደማ ፊልም ይፈጃል። ያ ሁሉ በአንድ ጥቅል ላይ ተጠምጥሞ፣ በቆርቆሮ ታሽጎ በአውሮፕላን ይሄዳል። ገዢው አገር ካሳየ በኋላ ወይ ለቢቢሲ ይመልሳል፣ ወይ ያስወግዳል፣ ወይ ለቀጣዩ ገዢ አገር ያስተላልፋል። ከገዙት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።

‹ያኔ ደብረ ማርቆስ ታይቶ ነበር?› ብለው ይጠይቁ ይሆናል። አልታየም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቶምሰን በተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ድጋፍ ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥርጭቱ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ አያልፍም ነበር። ጎጃም ያኔ የሬዲዮ አገር ነው።

ታዲያ የ2006 ዓ.ም. ወሬ እውነት ነበር? ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ምኞት። እውነቱ ይህ ነው፤ ፊሊፕ ሞሪስ የሚባል እንግሊዛዊ የድሮ ፊልም ፈላጊ በአፍሪካ ጣቢያዎች እየዞረ ነበር። ናይጄሪያ፣ ጆስ ከተማ ውስጥ ባለ የቴሌቪዥን ማሠራጫ 11 ጥቅሎች አገኘ። ከእነዚያ ውስጥ 9ኙ ከጠፉት ነበሩ። ቢቢሲ ይህንኑ በይፋ አስታወቀ፤ የጠፉትም ቁጥር ያኔ ወደ 97 ወረደ። አዲስ አበባ ስለተባለው ግን ከዚያ በኋላ ለሕዝብ የታየ አንድም ክፍል የለም።

ወሬው ለምን ታመነ? ኢትዮጵያ ድራማውን መግዛቷ የታወቀ ነው፤ ፊልሞቹ ከታዩ በኋላ የት እንደደረሱ ግን አይታወቅም። ሰው የሚፈልገው ነገር ሲኖርና መዝገቡ ሲጎድል፣ ክፍተቱን ግምት ይሞላዋል። አንድ ሌላ ነገርም ተጨመረ። ሞሪስ ጆስ ላይ አንዱን ታሪክ ሙሉውን፣ ስድስቱንም ክፍል ማየቱን ተናገረ። እንግሊዝ ሲደርስ ግን ሦስተኛው ክፍል የለም። ማን ወሰደው? ይኸው እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰሙ መመርመሪያው ቀላል ነው። የትኛው ክፍል እንደሆነ በስሙ ተጠርቷል? የቆርቆሮው ወይም የፊልሙ ፎቶ አለ? ያየው ሰው በስሙ ተናግሯል? በሦስቱም መልሱ የለም ከሆነ፣ ጨዋታ ነው ብለው ይለፉት። በእኔ ግምት የአዲስ አበባው ወሬ ከሦስቱ አንዱንም አያልፍም።

ድራማውን መከታተልስ ምን ያስወጣል? የዛሬው አንዱ ክፍል 45 ደቂቃ ያህል ነው። በመካከለኛ ጥራት ከ300 እስከ 400 ሜጋባይት ይበላል። ከጠፉት ክፍሎች የአንዱ ድምፅ ግን 25 ሜጋባይት ቢፈጅ ነው። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ጊዜ፣ አንዱ አውርዶ በፍላሽ ቢያዋውስ ይሻላል። ሲጀምሩ እ.ኤ.አ. ከ2005ቱ ይጀምሩ፤ ከመጀመሪያው ልነሣ ካሉ ብዙ ትዕግሥት ይጠይቅዎታል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ላስታውስ። አሮጌ የፊልም ጥቅል የሚገኘው እንግሊዝ ብቻ አይደለም። በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ መጋዘን፣ በአያት ሣጥን ውስጥም ሊኖር ይችላል። ካገኙ አይተርትሩት፣ በማጫወቻም አይሞክሩት። ቆርቆሮውን ሲከፍቱ የኮምጣጤ ሽታ ከሸተተዎት ፊልሙ መበላሸት ጀምሯል ማለት ነው፤ ከሌሎቹ ይለዩት። ሙቀትና እርጥበት ጠላቶቹ ስለሆኑ ቀዝቀዝ ያለና ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት። በቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ሁሉ በስልክዎ ፎቶ ያንሡ። ከዚያም አዲስ አበባ ወዳለው ወመዘክር፣ ማለትም ወደ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ደውለው ወይም ሰው ልከው ይጠይቁ። ዶክተሩ ባይገኝበት እንኳ የራሳችን አንድ የድሮ በዓል ወይም የተማሪዎች ሰልፍ ሊገኝበት ይችላል።