የነጂ ስሜት ምን ያህል ይታመናል? ከቶዮታ 86 የምንማረው

ቶዮታ 86 የተባለችው ስፖርት መኪና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ለሽያጭ ስትቀርብ፣ ለሙከራ የነዷት ሰዎች ቃል ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን በኩርባ መንገድ ላይ እንዲህ ለእጅ የምትታዘዝ መኪና ከነዳ ብዙ ዓመት እንደሆነው ተናገረ። ሌላው ወገን ቁመናዋ ያስጠበቀውን ያህል ሞተሯ አልሰጠኝም አለ። መሪዋን ያላመሰገነ የለም ማለት ይቻላል። ጉልበቷን ግን ብዙዎች ነቀፉ። ጎማዋን ደግሞ አንዳንዶች የቁጠባ ሥራ ሲሉት፣ ሌሎች የደስታዋ ምንጭ እሱ ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ ከአሥር ዓመት በላይ አልፏል፤ መኪናዋም በሁለተኛ ትውልድ ተተክታለች። ስለዚህ የትኛው ስሜት እውነት እንደነበር፣ የትኛው ከነጂው ፍላጎት እንደመነጨ፣ የትኛው ጉዳይ ደግሞ ከማንም የሙከራ ነጂ ዓይን እንደተሰወረ ዛሬ ለይተን ማየት እንችላለን።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ይህ ነው፤ ነጂ የተሰማውን ሲናገር ሊታመን ይገባል፤ ስሜቱ ከምን እንደመጣና በምን እንደሚስተካከል ሲናገር ግን ቃሉ መመርመር አለበት። ሁለቱን ሳይለይ የሚያነብ ገዢ፣ ወይ ሁሉን አምኖ ይሳሳታል፣ ወይ ሁሉን ንቆ ጠቃሚውን ምስክርነት ያጣል።

መኪናዋ ምን ነበረች?

86 ቶዮታና ሱባሩ በጋራ የሠሯት መኪና ናት። በሱባሩ ስም የምትሸጠው እህቷ ቢአርዜድ ትባላለች፤ ሁለቱም የሚገጣጠሙት ጃፓን ጉንማ በሚገኘው የሱባሩ ፋብሪካ ነው። በቶዮታ በኩል ሥራውን የመሩት ዋና መሐንዲስ ቴትሱያ ታዳ ናቸው። ሞተሩ የሱባሩ ነው፤ ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ ስለተጋደሙ የመኪናዋ የክብደት ማዕከል ከመሬት 46 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ይላል። ነዳጁ የሚረጭበት ዘዴ ደግሞ የቶዮታ ነው። ሞተሩ 2 ሊትር ሲሆን በደቂቃ 7,000 ዙር ላይ 200 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። መኪናዋ 1,250 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች፤ የምትገፋውም በኋላ ጎማዎቿ ነው።

ስሟ ያለ ምክንያት አልተሰጣትም። ቶዮታ በ1983 ካወጣቸው የኮሮላ ዓይነቶች መካከል ኤኢ86 የሚል መለያ ያላት አንዲት ቀላል መኪና ነበረች። 1.6 ሊትር ሞተር ይዛ፣ በኋላ ጎማ እየተገፋች፣ በጃፓን ተራራማ መንገዶች ላይ ስም አትርፋለች። አዲሷ መኪናም ያንኑ መንገድ እንድትከተል ስለተፈለገ አየርን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ቱርቦ፣ በአራት ጎማ የሚገፋ ሥርዓትና መንገድን አጥብቆ የሚይዝ የውድድር ጎማ ሆን ተብለው ተተዉ። የተፈለገው በሰዓት ቆጣሪ የምታሸንፍ ሳይሆን በመጠነኛ ፍጥነት ነጂዋን የምታስደስት መኪና ነበረች። ነጂዎቹ የሰጡትን ቃል ስንመዝን ይህን ዓላማ መርሳት የለብንም።

«ጉልበት ያንሳታል»

ከሁሉ በላይ የተደጋገመው ቅሬታ የጉልበት ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ቅሬታው ብዙ አያሳምንም። 200 የፈረስ ጉልበት ለ1,250 ኪሎ የሚያሳፍር አይደለም፤ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስም ሰባት ሰከንድ ተኩል ገደማ ይበቃታል። ታዲያ ነጂዎቹ ለምን ደከመች አሉ?

መልሱ ሜካኒኮች ቶርክ የሚሉት የመጠምዘዝ ኃይል ላይ ነው። የፈረስ ጉልበት ማለት ይህ ኃይል ሞተሩ በደቂቃ በሚዞረው ልክ ተባዝቶ የሚገኘው ውጤት ነው። ሞተሩ በፍጥነት እስከዞረ ድረስ መጠነኛ ቶርክ ይዞም ትልቅ የፈረስ ጉልበት ሊያስመዘግብ ይችላል። ወንበሩ ጀርባችንን ሲገፋው የሚሰማን ግን በዚያች ቅጽበት ያለው ቶርክ ነው። የ86 ከፍተኛ ቶርክ 205 ኒውተን ሜትር ሲሆን፣ የሚገኘው ሞተሩ 6,400 ዙር ሲደርስ ነው። ከተማ ውስጥ በዚያ ዙር የሚነዳ ሰው የለም፤ አብዛኛው ሾፌር 3,000 እና 4,000 ላይ ማርሽ ይቀይራል።

ከዚህም የባሰ ነገር ነበር። መኪናዋ በሮለር ላይ ቆማ ጉልበቷ ሲለካ፣ የቶርኩ መስመር መጀመሪያ ይወጣል፣ ከ3,500 እስከ 4,500 ዙር ገደማ ይጎድላል፣ ከዚያ እንደገና ይነሣል። ወደ ሞተሩ አየር በሚያስገቡትና ጭስ በሚያወጡት ቧንቧዎች ውስጥ የግፊት ሞገድ ይመላለሳል። ሞገዱ ቫልቭ በሚከፈትበት ሰዓት ከደረሰ ሲሊንደሩ በደንብ ይሞላል፤ ያለ ሰዓቱ ከደረሰ ግን አየሩ ይቀንሳል። ለከፍተኛ ዙር የተመቻቸ ሞተር በመካከለኛው ዙር ላይ ይህን ዋጋ ሊከፍል ይችላል። ስለዚህ ነጂው ነዳጅ ሲሰጥ፣ ደረጃ ሲወጣ አንዲት መርገጫ እንደጎደለችበት ሰው ይሆናል። ከመጉደሉ በፊት የተሰማው ግፊት ሌላ ግፊት አስጠብቆታል፤ የጠበቀው ግን በቦታው የለም።

እንግዲህ ስሜቱ እውነት ነበር፤ መሣሪያም አረጋግጦታል። መድኃኒቱን በተመለከተ ግን ብዙዎች በአንድ ድምፅ ቱርቦ ይጨመርላት አሉ። ቱርቦ ክብደትና ሙቀት ይጨምራል፤ ነዳጅ በተሰጠበትና ሞተሩ በሚመልስበት ቅጽበት መካከልም መዘግየት ያመጣል። በዚህች መኪና የተመሰገነው ደግሞ ቅለቷና ፈጥና መታዘዟ ነበር።

በ2017 ሞዴል አሜሪካ ውስጥ የተሸጠችው በእጅ ማርሽ የምትነዳው መኪና ወደ 205 የፈረስ ጉልበት ከፍ አለች፤ የዲፈረንሻሏ ምጣኔም ከ4.1 ወደ 4.3 ተቀየረ። ቅሬታው ግን አልቀረም። እውነተኛው መልስ የመጣው በሁለተኛው ትውልድ ነው። ሱባሩ አዲሷን ቢአርዜድ በ2020 መጨረሻ አሳየ፤ ቶዮታም በ2021 ጂአር86ን አስተዋወቀ። ሞተሩ 2.4 ሊትር ሆነ፤ የሲሊንደሩ ስፋት ከ86 ወደ 94 ሚሊ ሜትር ሰፋ። የፈረስ ጉልበቱ በአሜሪካ መግለጫ 228 ብቻ ነው፤ ቶርኩ ግን ወደ 250 ኒውተን ሜትር አደገ፤ ከፍተኛውም በ3,700 ዙር ላይ ይገኛል። ቀድሞ ጉድለት በነበረበት ቦታ አሁን የሞተሩ ብርታት ተቀመጠ። ቱርቦ አልተጨመረም፤ ክብደቱም የጨመረው በጥቂት አሥር ኪሎዎች ነው። ነጂዎቹ የጎደለውን በትክክል ነግረው ነበር፤ መድኃኒቱን ያገኙት ግን መሐንዲሶቹ ናቸው።

ጎማው፣ አንድ እውነት ለሁለት ፈላጊ

በመጀመሪያዋ 86 ላይ ከተገጠሙት ጎማዎች አንዱ 215 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ በ17 ኢንች ቸርኬ ላይ የሚገባው ሚሽሊን ፕራይመሲ ነበር። ይህ የጎማ ዓይነት በነዳጅ ቆጣቢዋ ፕሪየስ ላይም ይታወቅ ስለነበር ብዙዎችን አስቆጣ፤ ለስፖርት መኪና የቆጣቢ መኪና ጎማ እንዴት ይደረጋል ተባለ።

ጎማውን የነቀፉትና የወደዱት ሁለቱ ወገኖች ግን የተናገሩት ስለ አንድ ነገር ነው። መንገድን የመያዝ አቅሙ መካከለኛ የሆነ ጠባብ ጎማ መኪናዋን በዝቅተኛ ፍጥነት ቀስ ብሎ እንድትንሸራተት ያደርጋታል። በሰዓት ቆጣሪ የሚመዝን ነጂ ይህን ጉድለት ይለዋል፤ ኩርባውን በፍጥነት ሊያልፍ አልቻለምና። የመኪናን ጠባይ ለመማር የሚፈልግ ነጂ ደግሞ ስጦታ ይለዋል፤ መኪናዋ የአቅሟ ዳር ላይ ስትደርስ ምን እንደምታደርግ አደገኛ ፍጥነት ሳይደርስ ታሳየዋለችና። ሁለቱም አልዋሹም፤ ለመኪናዋ ያቀረቡት ጥያቄ ተለያየ እንጂ። በሁለተኛው ትውልድ ከፍ ባለው ሞዴል ላይ የበለጠ የሚይዝ ባለ 18 ኢንች ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት 4 ሲገጠም ፈጣን ነጂዎች ደስ አላቸው፤ አንዳንዶች ግን የድሮው ቀላል መንሸራተት ናፈቃቸው።

ትንሽ ልዩነትን የሚለየው አካላችን

ከሁሉ የሚያስገርመው ነጂዎች ስለ ሁለቱ እህትማማቾች የሰጡት ምስክርነት ነው። ከውጭ ሲታዩ ልዩነታቸው ጥቂት ነው። በተከታታይ የነዷቸው ሰዎች ግን የቶዮታዋ ኋላዋን በቀላሉ ትወረውራለች፣ የሱባሩዋ ረጋ ትላለች አሉ። በመጀመሪያው ትውልድ የቶዮታዋ የፊት ሞላ ከሱባሩዋ ይልቅ የላላ፣ የኋላው ደግሞ የጠነከረ ነበር፤ የተነገረው ጠባይ ከዚህ ጋር ይገጥማል። አካላችን ፍጥነትን በቁጥር ሊናገር አይችልም፤ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ሲያነጻጽር ግን ጥሩ መለኪያ ነው።

ያው አካል በድምፅ ሊታለል እንደሚችል ግን መታወቅ አለበት። በመጀመሪያዋ 86 ላይ የሞተሩን የአየር መሳቢያ ድምፅ ወደ ነጂው ክፍል የሚያስገባ ቧንቧ ነበረ፤ ሁለተኛዋ በድምፅ ማጉያ ትረዳለች። ሁለቱም የተሠሩት ነጂው የሞተሩን ሥራ የበለጠ እንዲሰማው ነው። የሚያገሳ መኪና ፈጣን ይመስላል፤ ጸጥ ያለች ፈጣን መኪና ደግሞ የዘገየች ትመስላለች።

ቦታውም ይመሰክራል

ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበት እንደ አየሩ ጥግግት ይለያያል። በባሕር ጠረፍ 200 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር፣ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ዴንቨር ወደ 170 ገደማ ይወርዳል። ዴንቨርና ጎረቤቷ አውሮራ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው ከተሞች ናቸው፤ በዚያ የሚነዳ ሰው መኪናዋ ደከመች ቢል ካሊፎርኒያ ጠረፍ ላይ የጻፈውን ሰው አልተቃረነም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ቅነሳው ከአምስት እጅ አንዱን ያልፋል።

ኢትዮጵያ ከ2024 ወዲህ የቤንዚንና የናፍታ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለከለከለች፣ ዛሬ አገር ቤት አዲስ መኪና የሚሞክር ሰው በአብዛኛው የሚቀመጠው በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ ከፍታው ጉልበቱን አይቀንስበትም፤ ቶርኩም ከቆመበት ጀምሮ ይገኛል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሃምሳ ሜትሮች ነጂውን ያስደንቃል። የባትሪው ክብደት የሚታወቀው ግን በኩርባና በፍሬን ላይ ነው፤ አጭር ሙከራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀጥታ መንገድ ላይ ያልቃል።

ከሙከራ ነጂ የሚሰወረው

በ2012 እና በ2013 የተሠሩ 86ና ቢአርዜድ መኪናዎች በ2018 ለጥገና ተጠሩ፤ ምክንያቱም የቫልቭ ሞላቸው ሊሰበር ይችላል ተብሎ ነው። ሞላውን ለመለወጥ ሞተሩን ማውረድና መፍታት ያስፈልግ ነበር። መኪናዋን በአዲስነቷ የሞከረ ማንም ነጂ ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ ባለማወቁም አይወቀስም። የሙከራ ጉዞ የመኪናን ጠባይ ይነግራል፤ ዕድሜዋን አይነግርም። ዕድሜዋን የሚነግሩት ጊዜ፣ የጥገና መዝገብና ለዓመታት የነዷት ሰዎች ናቸው።

አንባቢው ምን ያድርግ?

የሌላ ነጂን ቃል ስታነቡ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ የት ነዳት? ከምን ጋር አነጻጸራት? ከመኪናዋ ምን ፈልጎ ነበር? እነዚህ ካልታወቁ «ደካማ ናት» ወይም «ድንቅ ናት» የሚለው ቃል ለእናንተ ብዙ አይጠቅምም።

ራሳችሁ ስትሞክሩ ደግሞ ሙዚቃውን አጥፉ። የለመዳችሁትን መንገድ ምረጡ፤ ከተቻለም በዚያው ቀን የራሳችሁን መኪና በዚያው መንገድ ንዱ። የቤንዚን መኪና ከሆነች በሦስተኛ ማርሽ ከዝቅተኛ ዙር ጀምራችሁ ነዳጅ ስጡና ግፊቱ የት እንደሚሳሳ ልብ በሉ። የተበላሸ አስፋልት፣ ኩርባና ጠንከር ያለ ፍሬን ሳትሞክሩ አትመለሱ። ከዚያ የተሰማችሁን በዝርዝር ጻፉ፤ በየትኛው ማርሽ፣ በስንት ዙር፣ በምን ዓይነት መንገድ ላይ። «4,000 ዙር አካባቢ ግፊቱ ይጎድላል» የሚል ነጂ ለሻጩም፣ ለሜካኒኩም፣ ለመሐንዲሱም ሥራ የሚሆን ነገር ሰጥቷል። ሁለተኛዋን 86 ከመጀመሪያይቱ የተሻለች ያደረጋት የዚህ ዓይነት ምስክርነት ነው፤ ስለዚህ ስሜታችሁን አትናቁት፣ በትክክል ተናገሩት።