የወልደ አዴር ገመድና የእምባቦ ምርኮ

በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈው የሶርያ ንጉሥ የወልደ አዴር ነገር ለአንባቢ ጥያቄ ያለበት ነው። 32 ነገሥታት አስከትሎ በሰማርያ ላይ የተነሣው ይህ ሰው በኋላ በአፌቅ ድል ሆነ፤ ሸሽቶም በእልፍኝ ውስጥ ተሸሸገ። ባሮቹ ማቅ ታጥቀው፥ በራሳቸው ገመድ ጠምጥመው ወደ አክዓብ ወጡ። አክዓብም ወንድሜ ነው ብሎ በሠረገላው አስቀመጠው፥ ቃል ኪዳንም አድርጎ ለቀቀው።

ገመዱ ምንድር ነው ቢሉ፥ እንደ ታሰረ ሰው ነኝ፤ መግደልም ማዳንም በእጅህ ነው ማለት ነው። ይህን ለማስተዋል ኢትዮጵያዊ ሩቅ አይሄድም፤ በገመድ ፈንታ ደንጊያ ነበረና። የሸፈተ መኰንን ሲገባ ደንጊያ በአንገቱ ተሸክሞ ከንጉሡ ፊት ይወድቅ ነበር። ራስ መንገሻ ዮሐንስ በ1886 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ለዓፄ ምኒልክ የገቡት እንዲህ ሆነው ነው።

ነገር ግን ነቢዩ አክዓብን ስለ መልቀቁ ገሠጸው፥ ፍርዱንም በራሱ ላይ አዞረበት። ኤልሳዕ ደግሞ በሌላ ዘመን የሶርያን ምርኮኞች አብልተህ አጠጥተህ ስደዳቸው ብሎ የእስራኤልን ንጉሥ አዘዘ። ምሕረት በአንዱ ተነቅፎ በሁለተኛው ስለ ምን ታዘዘ?

ለዚህ የጎጃም ታሪክ ምሳሌ ይሆናል። አስቀድሞ ራስ አዳል የተባሉት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1873 ዓ.ም. ከዓፄ ዮሐንስ እጅ የጎጃምና የከፋ ዘውድ ተቀበሉ። ከባሶ ወርዶ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጉዱሩ፥ ከዚያም ወደ ጊቤ አገር የሚያልፈው የነጋዴ መንገድ የወርቅ፥ የዝሆን ጥርስና የዝባድ መንገድ ነበረ፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ያንኑ ሀብት ይሹት ነበር። ስለዚህ በግንቦት ወር 1874 ዓ.ም. ሁለቱ ንጉሦች በእምባቦ ተጋጠሙ። የራስ ጎበና ፈረሰኛ በበረታ ጊዜ የጎጃም ሠራዊት ተፈታ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ቆስለው ተማረኩ።

ምኒልክ አልገደሏቸውም፤ ቁስላቸውን አስታመሙ፥ እንደ ንጉሥም አከበሯቸው። እርግጥ ከበላያቸው ዓፄ ዮሐንስ ነበሩ፤ ምኒልክም ይህን አልረሱም። ንጉሠ ነገሥቱ ሁለቱን ወቅሰው ምርኮኛውን አስለቀቁ፤ ያለ ፈቃድ ስለ ተዋጉም ከአንዱ አገው ምድርን፥ ከሁለተኛው ወሎን ወሰዱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የማረከና የተማረከ በዓፄ ዮሐንስ ላይ ተስማሙ። የዚህን ዕዳ የከፈለ ባላገሩ ነው፤ በ1881 ዓ.ም. መጀመሪያ የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ጎጃምን አጠፋው።

ወደ ንባቡ ስንመለስ፥ አክዓብ ማረ ከማለት ሸጠ ማለት ይቀላል። ድሉ የእግዚአብሔር ስጦታ እንደ ሆነ አስቀድሞ በነቢይ ተነግሮት ሳለ፥ ወልደ አዴር የተወሰዱትን ከተሞች ልመልስ፥ በደማስቆም ገበያ ይሁንልህ ቢለው አምላኩን ሳይጠይቅ ተዋዋለ። ኤልሳዕ ያስለቀቃቸው ግን ምንም ዋጋ አልተጠየቁም። እንግዲህ የተነቀፈው ርኅራኄው ሳይሆን ንግዱ ነው። ሦስት ዓመት ቆይቶ አክዓብ በሬማት ዘገለዓድ ከሶርያ ሠራዊት በተወረወረ ፍላጻ ሞተ። የእምባቦው ቁስለኛ ግን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የጎጃምን ጦር ይዘው ከማረኳቸው ንጉሥ ጐን በዓድዋ ተሰለፉ።