እባቡን ተዉት፣ ምንቃሯን እዩ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር አንድ ምክር አለ። ከዶሮ ቤት እንቁላል ከጠፋ ሌባው እባብ ነው ይላል፤ ሌሊት ገብቶ ቅርፊቱን ይበሳና ውስጡን መጥጦ ይሄዳል። መድኃኒቱንም አብሮ ዘርዝሯል፦ በዶሮ ቤቱ ዙሪያ ላምባ ማፍሰስ፣ ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ መበተን፣ ይህ ካልሠራ አንድ እንቁላል በመርፌ ወግቶ የአይጥ መርዝ መሙላትና ጎጆው ውስጥ መተው። የላኩልኝ ሰዎች ሁሉ «እውነት ነው ወይ?» ይላሉ። አይደለም። ምርመራው ስህተት ነው፣ ሁለቱ መድኃኒቶች ከንቱ ናቸው፣ ሦስተኛው ደግሞ አደገኛ ነው።

እባብ እንቁላል በስቶ አይመጥም። ለመምጠጥ የሚሆን ከንፈርም ጉንጭም የለውም፤ የሚያውቀው አበላል ሙሉውን መዋጥ ብቻ ነው። በአገራችንም የሚገኘው ዳሲፔልቲስ የሚባለው የእባብ ወገን ከወፍ እንቁላል በቀር ምንም አይበላም። መርዝ የለውም፤ ጥርሱም ከቁጥር የሚገባ አይደለም። እንቁላሉን ሙሉውን ይውጥና ጉሮሮው ውስጥ ሲደርስ፣ ከአከርካሪው ወደ ታች የወጡ ሹል አጥንቶች ቅርፊቱን ይሰነጥቁታል። ፈሳሹ ወደ ሆድ ይወርዳል፤ የተጨፈለቀው ቅርፊት ግን በስስ ሽፋኑ እንደተያያዘ በአፉ ተመልሶ ይወጣል። ኮብራም ዶሮ ቤት ገብቶ እንቁላል ይውጣል፤ ስለዚህ በጨለማ እጅን ወደ ጎጆ መስደድ ለማንም አልመክርም። ልብ በሉ ግን፣ በሁለቱም መንገድ ጭዱ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። እኔ ዘንድ የሚመጣው ቅሬታ ደግሞ በአብዛኛው ስለ እርጥብና ስለሚያጣብቅ ጭድ ነው።

ላምባው እባቡን ሳይሆን እንቁላሉን ነው የሚያገኘው። የአንድ እንቁላል ቅርፊት ከ7,000 እስከ 17,000 የሚደርሱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ ጫጩቱ የሚተነፍሰው በእነሱ ነው፣ ሽታም የሚገባው በእነሱ ነው። መርዙን በተመለከተ ትዕግሥቴ አልቋል። መርዘኛውን እንቁላል ድመት ሊበላው ይችላል፣ የጎረቤት ውሻ ሊበላው ይችላል፣ ቁራ ይዞት ሊሄድ ይችላል። የሞተውን ደግሞ ጥንብ አንሳ ያነሳዋል። አዲስ አበባ ሰማይ ላይ እንደ ተራ ነገር የምናየው ትንሹ ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች ተርታ ተመዝግቧል፤ ለዚህም ካበቁት ምክንያቶች ዋነኛው መርዝ ነው። ይህ ሁሉ ባይሆን እንኳ፣ ሌባዋ ዶሮዋ ራሷ ከሆነችስ? መርዙን የምትበላው እሷ ናት። እሷን የሚበላው ማን እንደሆነ እናውቃለን።

አይጦችም የራሳቸው ተረት አላቸው፦ አንዱ በጀርባው ተኝቶ እንቁላሉን ያቅፋል፣ ሌላው በጭራው ይጎትተዋል። ይህን ፈረንሳዊው ላፎንቴን በ17ኛው ክፍለ ዘመን በግጥም ጽፎታል፤ ከእሱም በፊት ይወራ ነበር። ዛሬም «ጓደኛዬ በዓይኑ አይቷል» የሚል ሰው አይጠፋም። አይጥ ረዳት አያስፈልገውም። እንቁላሉን በእግሩና በአፍንጫው እየገፋ ያንከባልለዋል፤ ግድግዳ ጥግ ወይም ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲደርስ ጠርዙን ይከረክረዋል። የተከረከረ ቅርፊት ጥግ ላይ ካገኛችሁ ነገሩ አልቋል፦ መኖውን ክዳን ባለው በርሜል ውስጥ አስገቡ፣ የሾለከበትን ቀዳዳም ድፈኑ።

ሌሎቹም ፊርማቸውን ትተው ይሄዳሉ። ቁራ የቀን ሌባ ነው፤ ወይ ይዞ ይበራል፣ ወይ ጎኑን ወግቶ ቅርፊቱን ሜዳ ላይ ይጥለዋል። ሙጭልጭላ (ስሙ ከአካባቢ አካባቢ ስለሚለያይ ብዙ ሰው እሱንም ሸለምጥማጥ ይለዋል) ለድንጋይ ወይም ለግንብ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆምና እንቁላሉን በኋላ እግሮቹ መካከል አሽቀንጥሮ ያፈርጠዋል፤ ፍርስራሹ ድንጋዩ ሥር ይገኛል። እውነተኛው ሸለምጥማጥ ከመጣ በእንቁላል ብቻ አያበቃም፣ ዶሮም ይጎድላል። ምንም ምልክት ከሌለ ደግሞ ሁለት ተጠርጣሪዎች ይቀራሉ፦ የሰፈር ልጅ፣ ወይም ጓሮ ውስጥ ጭራሮ ሥር ደብቃ የምትጥል የአበሻ ዶሮ። የኋለኛዋ ከሆነች ከሦስት ሳምንት ግድም በኋላ ጫጩቶቿን አስከትላ መልሱን ራሷ ይዛ ትመጣለች።

አሁን ወደ እርጥቡ ጭድ እንመለስ። ጎጆው ውስጥ አስኳል የለጠፈው ጭድ አለ፤ ቅርፊት ወይ ጭራሹን የለም፣ ወይ የጥፍር ያህል ስብርባሪ ቀርቷል። ሰው ቅርፊት ሲያጣ «ተውጧል» ብሎ ወደ እባብ ይሮጣል። ዶሮ ግን ቅርፊቱንም ትበላለች፣ እንዲያውም በደስታ። አንድ በአንድ ያዟቸውና ምንቃራቸውን በብርሃን እዩ። ከላይኛው ምንቃር ሥር፣ አፍንጫዋ አጠገብ፣ የደረቀ ቢጫ ነገር ታገኛላችሁ፤ የደረት ላባዋም እርስ በርሱ ተጣብቆ ደርቋል። ሌባዋ ማታ ቆጥ ላይ ከሌሎቹ ጋር ተሰልፋ የምታድር ናት።

ለምን? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመኝ፤ ምክንያቱም መልሱ ቅርፊቱ እንዴት እንደሚሠራ ከማወቅ ይጀምራል።

አንድ እንቁላል ተሠርቶ ለመውጣት አንድ ቀን ገደማ ይፈጅበታል። አስኳሉ ከተለቀቀ በኋላ ነጩን ለመልበስ ሦስት ሰዓት ያህል፣ ስስ ሽፋኖቹን ለመልበስ አንድ ሰዓት ከሩብ ግድም ይበቃዋል። የቀረውን፣ 20 ሰዓት ያህሉን፣ ቅርፊት በሚሠራው የማህፀን ክፍል ውስጥ ነው የሚያሳልፈው። ቅርፊቱ 94 በመቶ ያህሉ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የኖራ ድንጋይ ማለት ነው። በአንድ መካከለኛ እንቁላል ቅርፊት ውስጥ ወደ 2 ግራም ካልሲየም አለ። ትንሽ መስሎ ይታያል። የዶሮዋ አጽም በሙሉ የያዘው ካልሲየም ግን ወደ 20 ግራም ብቻ ነው። በአንድ ቀን የአጽሟን አንድ አሥረኛ የሚያህል ትጥላለች ማለት ነው። ቦቫንስ ብራውንን የመሰለች የፈረንጅ ዶሮ በዓመት 300 ያህል እንቁላል ስለምትጥል ሒሳቡ 600 ግራም ይደርሳል፦ ሠላሳ አጽም። በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል የምትጥለው የአበሻ ዶሮ ይህ ዕዳ የለባትም።

ደሟ ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚገኘው ካልሲየም ከጥቂት አሥር ሚሊ ግራሞች አያልፍም። ቅርፊት በሚሠራበት ሰዓት ማህፀኗ በሰዓት ከ100 ሚሊ ግራም በላይ ይጠባል። ስለዚህ የደሟ ካልሲየም በየ12 ደቂቃው ግድም ሙሉ በሙሉ መተካት አለበት፤ ካልተተካ ጡንቻዋ ይዝላል፣ ትወድቃለች።

የሚተካው ከየት ነው? ቀን ከሆነ ከአንጀቷ። ዶሮ አብዛኛውን ጊዜ የምትጥለው ከጠዋት እስከ ረፋድ ስለሆነ ግን ቅርፊቱ በብዛት የሚጋገረው ሌሊት ነው፤ እሷ ቆጥ ላይ ተኝታ፣ አንጀቷም እየተራቆተ። ለዚህ ወፎች የተለየ ዘዴ አላቸው። መጣል ልትጀምር ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀራት በኤስትሮጅን ትእዛዝ በረጃጅም አጥንቶቿ የመቅኔ ክፍተት ውስጥ ሌላ ዓይነት አጥንት ይበቅላል። ይህ አጥንት ክብደት ለመሸከም ብዙም አይረዳም፤ ጎተራ ነው። ማታ ይከፈታል፣ ቀን ይሞላል። ቀን የሚሞላበት ካጣ ግን ሰውነቷ ዋናውን አጥንት መሸርሸር ይጀምራል፤ ቅርፊቱም ይሳሳል።

አሁን የጓሮ ዶሮ ምን እንደምትበላ አስቡ። በቆሎ፣ የእንጀራ ትርፍራፊ፣ ፉሩሽካ። መቶ ግራም በቆሎ ውስጥ ያለው ካልሲየም ከ30 ሚሊ ግራም እምብዛም አይበልጥም። ፉሩሽካ ፎስፈረሱ ብዙ ነው፣ ግን አብዛኛው ካልሲየምን አስሮ በሚያስቀር መልክ የተቀመጠ ነው። የጣይ ዶሮ መኖ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ካልሲየም ሊኖረው ይገባል የሚባለው ለዚህ ነው። ፀሐይ በማይገባበት ጓዳ የምትውል ከሆነች ደግሞ ቫይታሚን ዲ ስለሚጎድላት የበላችውንም ካልሲየም በቅጡ አትወስደውም።

ሙቀትም ድርሻ አለው። ዶሮ አያልባትም፤ ሲሞቃት አፏን ከፍታ ታለከልካለች። ስታለከልክ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደሟ ይወጣል። የካርቦኔቱ ምንጭ እኮ ይኸው ጋዝ ነው። ድሬዳዋ ወይም መተሐራ ላይ በሙቀት ወራት ካልሲየም ሞልቶ ሳለ ቅርፊት የሚሳሳበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ለእነሱ ተጨማሪ ኖራ ሳይሆን ጥላና ቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚያስፈልጋቸው።

ስስ ቅርፊት በቀላሉ ይሰበራል። የተሰበረውን አንዷ ትቀምሳለች። አንዴ የቀመሰች ዶሮ በሚቀጥለው ቀን ሙሉውን እንቁላል ራሷ ትወጋለች፤ ሌሎቹም ፈሳሹን አይተው ይሻማሉ።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለብኝ። እኔ የመኖ ሰው ነኝ፤ የመኖ ሰው ደግሞ ሁሉን ነገር ከመኖ ያያይዛል። የእንስሳት ባሕርይ የሚያጠኑ ባልደረቦች ይህን ሰንሰለት ሲሰሙ ፈገግ ይላሉ፤ ፈገግታቸውም መሠረት አለው። ጥሩ መኖ የሚበሉ፣ ቅርፊታቸው የጠነከረ ዶሮዎችም እንቁላል ይበላሉ። በተጨናነቀ ቤት፣ ለአሥር ዶሮ አንድ ጎጆ በተሰጠበት፣ ብርሃን በበዛበት ጎጆ፣ እንቁላል እስከ ማታ ሳይነሳ በሚቆይበት ቦታ ልማዱ ካልሲየም ኖረም አልኖረም ይጀምራል። ስለዚህ «ካልሲየም ያነሳት ዶሮ ካልሲየም ፈልጋ እንቁላል ትበላለች» ማለት ከምናውቀው በላይ መናገር ነው። ስስ ቅርፊት አጋጣሚውን ይከፍታል፤ ፍላጎቷን አያስረዳም። ከዚህ በላይ አልከራከርም።

አንድ የቆየ የሰፈር መድኃኒት ግን ሳልነካው አላልፍም፦ እንቁላሉን አውጥቶ በበርበሬ መሙላት። እኛን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የተባለው ቅመም ነው፤ ሙቀትን የሚለይ አንድ የነርቭ ተቀባይ ላይ ተጣብቆ «እሳት» ያሰኘናል። ዴቪድ ጁሊየስ እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት የተካፈለው ይህን ተቀባይ በማግኘቱ ነው። እሱና ባልደረባው በ2002 እንዳሳዩት የዶሮ ተቀባይ ሙቀቱን ይለያል፣ ካፕሳይሲን ግን አይሰማውም። በርበሬው አይጥን ያባርር ይሆናል፤ ለዶሮዋ ግን የተቀመመ ምሳ ነው።

የሚሠራው እንዲህ ነው። እንቁላሉን ረፋድ ላይ፣ ከዚያም ከሰዓት በኋላ አንሱ። ለአራት ወይም ለአምስት ዶሮ አንድ ጎጆ ስጡ፤ መግቢያው ላይ ጨርቅ አንጠልጥላችሁ አጨልሙት። አናጢ ካላችሁ ወለሉን ትንሽ ወደ ኋላ ያዘንብለው፤ እንቁላሉ ተንከባሎ ከጣውላ ጀርባ ይገባል፣ ምንቃሯ አይደርስበትም። ከእንጨት የተጠረበ እንቁላል ጎጆው ውስጥ አስቀምጡ፤ ወግታ ወግታ ምንም ስታጣ አንዳንዷ ትተዋለች። ለመስኮቱ ቀዳዳው ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙ የማይበልጥ ወፍራም ሽቦ ግዙ፤ ተራው የዶሮ ሽቦ ዶሮን ያግዳል እንጂ አይጥን አያግድም።

ካልሲየሙን ማታ ስጡ፣ ከመኖ ጋር ሳይደባለቅ በተለየ ሳህን፣ በደቃቁ ሳይሆን በሽርክቱ። ሽርክት የኖራ ድንጋይ ጠጠር ፈጪ ሆዷ ውስጥ ቆይቶ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ይሟሟል፤ ዱቄቱ ግን እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ያልፋል። የእንቁላል ቅርፊት መስጠትም ይቻላል፤ ግን ምጣድ ላይ አምሳችሁ፣ እንቁላል መምሰሉን እስኪያጣ ድረስ ሸርክቱት።

ምንቃሯ ቢጫ ሆኖ የተገኘችውን ለብቻ አግልሏትና ይህን ሁሉ ሦስት ሳምንት ሞክሩ። ከዚያ በኋላም ካልተወች ለቀሪዎቹ ማስተማሯ አይቀርምና ቀጣዩን በዓል ሳትጠብቁ ወደ ድስት ትግባ።