ስድስቱ የጎማ ቀለበቶች

አልፋ ሮሜዮ 2000 ጂቲቪ መንገድ ላይ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ቅርጹ ነው። አይፈረድበትም። ጆርጄቶ ጁጃሮ ይህን መልክ ለመኪና ንድፍ ቤቱ ለቤርቶኔ ሲነድፍ ገና ሃያዎቹን የጀመረ ወጣት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1963 አደባባይ የወጣው ያ ቅርጽ እስከ ዛሬ አላረጀም። የእኔ ዓይን ግን የሚያርፈው ኮፈኑ ሥር ነው። የድሮ ስፖርት መኪና የሚያሳድሱ ሰዎች ገንዘባቸውን ቀለምና ክሮም ላይ ያፈሳሉ፤ የሞተሩ ዕድሜ የሚወሰነው ግን ማንም በማያየው የሚሊሜትር ሽርፍራፊ ነው።

ሞተሩ ከመኪናው በዕድሜ ይበልጣል። በ1954 በጁሊየታ ስፕሪንት ሲወጣ 1290 ሲሲ ነበር፤ ኋላ 1570፣ 1779፣ በ1971 በዚህ መኪና ላይ ደግሞ 1962 ሲሲ ደረሰ። ብሎኩም ቴስታታውም አሉሚኒየም ነው። አናቱ ላይ በድርብ ሰንሰለት የሚዞሩ ሁለት ካምሻፍቶች አሉት። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው አሠራር የውድድር መኪና ወግ ነበር፤ አልፋ ግን አባወራ ልጆቹን ትምህርት ቤት በሚያደርስበት መኪና ላይ ሳይቀር ገጠመው።

መፍታቱ ቀላል ነው። አንድ ወጥመድ ብቻ አለው። ፒስተኖቹ የሚመላለሱት በብሎኩ ውስጥ በቀጥታ ሳይሆን ለየብቻ በገቡ የብረት ካሚቻዎች ውስጥ ነው፤ ማቀዝቀዣው ውሃም ካሚቻዎቹን በቀጥታ እየነካ ያልፋል። ወደ ታች ተጭኖ የያዛቸው ቴስታታው ነው። እሱ ከተነሣ በኋላ ካሚቻዎቹን ሳያስር ክራንክሻፍቱን ያዞረ መካኒክ፣ ፒስተኑ ካሚቻውን ይዞት ይነሣበታል፤ ከግርጌው ያለው ማኅተም ይላቀቅና ውሃ ወደ ዘይቱ መውረጃ ያገኛል። በአንዲት ዙር ስንት ሥራ ይበላሻል!

መልሶ መግጠሙ ላይ ነው ሰው የሚለየው። ፒስተንና ካሚቻ ተጣጥመው እንደ አንድ ስብስብ ስለሚሸጡ ያረጀውን በአዲስ መተካት ችግር የለውም። ችግሩ ከፍታው ነው። አዲሱ ካሚቻ ቦታው ከተቀመጠ በኋላ ጫፉ ከብሎኩ ፊት በጥቂት የሚሊሜትር መቶኛዎች ብቅ ማለት አለበት። ዝቅ ካለ በብሎኩና በቴስታታው መካከል የሚገባው ጉዋርኒሲዮን አይጨብጠውም፤ አራቱ እኩል ካልሆኑ ደግሞ ቴስታታው በእኩል አያርፍም። ስለዚህ ይለካል፣ ይነሣል፣ መቀመጫው ይጠረጋል፣ እንደገና ይለካል። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከሥር ከቀረች ልኩ ሁሉ ውሸት ነው። ሥራው ይሰለቻል፤ ግን ከዚህ የበለጠ ዋጋ ያለው ሰዓት የለም።

የቴስታታው ጉዋርኒሲዮን የዚህ ሞተር የታወቀ ደካማ ጎን ነው። በብሎኩና በቴስታታው መካከል ዘይት የሚተላለፍባቸውን ቀዳዳዎች የሚከብቡ ስድስት ትንንሽ የጎማ ቀለበቶች አሉ። በጣት ጫፍ የሚያዙ፣ ዋጋቸውም ከቁጥር የማይገባ ነገሮች ናቸው። ሲደርቁ ግን ዘይቱና ውሃው ይገናኛሉ፤ የዘይት ክዳኑን ወይም ራዲያተሩን የከፈተ ሰው ማኪያቶ የመሰለ አረፋ ያገኛል። ቴስታታው ሲመለስ ዳዶዎቹ ከመካከል ጀምሮ ወደ ዳር፣ በየደረጃው ይጠብቃሉ፤ ሞተሩ ከሠራ በኋላም ጥብቀታቸው እንደገና ይታያል። ብዙ ሰው ይህችን የመጨረሻዋን ይዘላታል።

ከዚያ የባልቦላ ክፍተት ይመጣል። በቀዝቃዛ ሞተር ለማስገቢያው ከ0.475 እስከ 0.500፣ ለማስወጫው ከ0.525 እስከ 0.550 ሚሊሜትር ነው። በካቻቢቴ የሚስተካከል ነገር እንዳይመስላችሁ። ክፍተቱን ለክቶ መጻፍ፣ ካምሻፍቱን ማንሣት፣ በባልቦላው ጫፍ ላይ ያለችውን ክብ ብረት በወፍራም ወይም በቀጭን መለወጥ፣ ካምሻፍቱን መመለስ፣ እንደገና መለካት፤ ባልቦላዎቹም ስምንት ናቸው። በነገራችን ላይ፣ የማስወጫዎቹ ግንድ ውስጡ ባዶ ሆኖ ሶዲየም የተሞላ ነው፤ ሶዲየሙ ሲሞቅ ቀልጦ እየተናወጠ ከባልቦላው ራስ ሙቀት ያወርዳል። አሮጌውን ባልቦላ ቆርጦ ለሌላ መሣሪያ ላውለው የሚል ካለ ይቅርበት፤ ሶዲየም ውሃ ሲነካው ይቀጣጠላል።

እንዲህ ያለ መኪና ለመግዛት ካሰቡ፣ ሻጩ ስለ ቀለሙ ሲያወራ ያዳምጡትና የዘይት ክዳኑን ይክፈቱ። ቀጥለው የካሚቻዎቹ ከፍታና የስምንቱ ባልቦላዎች ክፍተት የተጻፈበትን ወረቀት ይጠይቁት። ወረቀት ከሌለው፣ ዋጋ ሲደራደሩ ሞተሩን እንዳልታደሰ ይቁጠሩት።